የአገልግሎት ንግድ አኃዛችን ከጎንደር ሲታይ፦ የአንድ ተጠቃሚ ግምገማ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በየሦስት ወሩ በሚያወጣው መጽሔት ውስጥ አገራችን ለውጭ ሰዎች የሸጠችውንና ከእነርሱ የገዛችውን አገልግሎት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። እኔ በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት የሒሳብ ሥራ የምሠራ ሰው ስሆን፣ ይህን ሠንጠረዥ ከአሥር ዓመት በላይ ተከታትያለሁ። ከሠንጠረዡ ጋር የሚያገናኘኝ ጉዳይ ሁለት ነው። ከጀርመን ወይም ከጣልያን በባንክ የሚላክልን ክፍያ ወደዚያ ቁጥር ከሚፈሱት ጠብታዎች አንዱ ነው፤ ለመጪው ወቅት ስንት ድንኳን እንደምንገዛና ስንት ወጣት አስጎብኚ እንደምናሠለጥን ስንመክር ደግሞ መልሰን የምናየው ያንኑ ቁጥር ነው። ሰው ስለ አንድ ሆቴል ወይም ሱቅ አስተያየቱን እንደሚጽፍ ሁሉ፣ እኔም ይህ መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብና ለእንደኔ ዓይነቱ ተጠቃሚ ምን ያህል እንደሚረባ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃ ድንበር ሲያልፍ ይታያል። በመተማ የሚወጣ ሰሊጥ ይመዘናል፣ ሰነድ ይሞላለታል፣ የጉምሩክ ሠራተኛም ዋጋውን ይመዘግባል። በነገሥታቱ ዘመን ጎንደር ላይ ነጋድራሱ ቀረጡን የሚቀበለውም ኬላ ላይ በሚታይ ጭነት ነበር። አገልግሎት ግን ኬላ የለውም። አንድ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ፋሲል ግቢን በአስጎብኚ ታጅቦ ሲጎበኝ ኢትዮጵያ ለፈረንሳይ አገልግሎት ሸጠች ማለት ነው፤ ሆኖም ከከተማዋ የወጣ አንዳችም ጭነት የለም፣ የሚመዝነውም ሚዛን የለም። ስለዚህ የአገልግሎት ንግድን የሚቆጥር አገር መረጃውን ከባንክ ክፍያዎች፣ ከድርጅቶች መጠይቅ፣ ከድንበር የመግቢያና የመውጫ መዝገብ እንዲሁም ከጎብኚዎች ቃለ መጠይቅ እየለቀመ አንድ ላይ መስፋት ይኖርበታል። በአገራችን የክፍያ ሚዛኑን፣ ማለትም አገሪቱ ከውጭ ጋር ያደረገችውን ገቢና ወጪ የሚያሳየውን ሒሳብ፣ የሚያዘጋጀው ብሔራዊ ባንኩ ነው፤ ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትና የቱሪዝም ሚኒስቴርም እያንዳንዳቸው የበኩላቸውን ቁራጭ ይይዛሉ።

ቁጥሩን ለማንበብ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት መለኪያው ዜግነት ሳይሆን ነዋሪነት መሆኑ ነው። በአንድ አገር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ወይም ለመኖር ያሰበ ሰው የዚያ አገር ነዋሪ ይባላል፤ ተማሪ፣ ሕመምተኛና ዲፕሎማት ግን የፈለገውን ያህል ቢቆዩ የመጡበት አገር ነዋሪዎች እንደሆኑ ይቀራሉ። የጎንደር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገብቶ የወጣው በ1771 መጨረሻ ነው። በዛሬው ደንብ ቢመዘገብ ኖሮ ከዓመት በላይ በመቆየቱ እንደ ነዋሪ ይቆጠር ስለነበር፣ እዚህ ያወጣው ገንዘብ አንድም ሳንቲም የውጭ ጎብኚዎች ወጪ በሚጠቃለልበት «ጉዞ» በሚባለው መስመር ላይ ባልታየ ነበር፤ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት የፈንጣጣ ሕሙማንን ማከሙም ከውጭ የተገዛ የሕክምና አገልግሎት ባልተባለ ነበር። በአንጻሩ ዛሬ ከዋሽንግተን ለጥምቀት መጥቶ በእናቱ ቤት አንድ ወር የሚሰነብት ትውልደ ጎንደር፣ አማርኛው ከእኔ የተሻለ ቢሆንም እንኳ፣ ለአኃዙ የውጭ ጎብኚ ነው፤ ለጠጅ፣ ለታክሲና ለጋቢ የሚያወጣው ሁሉ የኢትዮጵያ የአገልግሎት ሽያጭ ሆኖ መመዝገብ ይገባዋል።

አሁን አንድ ተራ ሽያጭ ከመነሻው እስከ ሠንጠረዡ ልከተል። ሁለት ጀርመናውያን ለስሜን ተራሮች የስድስት ቀን የእግር ጉዞ ለአገራቸው የጉዞ ወኪል 3,000 ዩሮ ከፈሉ እንበል። ወኪሉ 600 ዩሮ ለራሱ አስቀርቶ 2,400 ዩሮ ለእኛ ይልካል። የቀረው 600 ዩሮ በሁለት የጀርመን ነዋሪዎች መካከል የተደረገ ግብይት ስለሆነ በኢትዮጵያ ሒሳብ ቦታ የለውም። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ የመጡበትን ቲኬት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ከገዙ ክፍያው «ትራንስፖርት» በሚለው መስመር ይገባል፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ለብቻ የገዙት የአገር ውስጥ ቲኬት ግን «ጉዞ» ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ከ2,400 ዩሮው ላይ የምንከፍለው የመኝታ፣ የምግብ አብሳይ፣ የደባርቅ ባለበቅሎ፣ የስካውት (የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) አበልና የፓርኩ መግቢያ ሁሉ በዚሁ በ«ጉዞ» ሥር ይጠቃለላል። እንግዶቹ ቅዳሜ ገበያ የሚገዙት ጋቢም፣ ምንም እንኳ ዕቃ ቢሆን፣ ጎብኚ ለራሱ የገዛው በመሆኑ እዚያው ይገባል። የደባርቁ ባለበቅሎ አገሩ ውጭ ምንዛሪ ከምታገኝባቸው ሰዎች አንዱ መሆኑን ምናልባት የነገረው የለም፤ በአኃዙ ሕግ ግን እንደ ቡና ላኪው ሁሉ እርሱም ላኪ ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የጠራ ነው። ነገሩ የሚደፈርሰው በባንክ መስኮት ላይ ነው። ገንዘብ ከውጭ ሲገባ የባንኩ ሠራተኛ የክፍያውን ዓላማ የሚገልጽ ኮድ ይመርጣል፤ ያ ኮድ ከሌሎች በሺዎች ከሚቆጠሩ ኮዶች ጋር ተደምሮ ወደ ብሔራዊ ባንኩ ይሄዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ባንክ ቅርንጫፍ፣ ከወኪላችን የተላከው ሙሉ ክፍያ ቤተሰብ ለቤተሰብ እንደላከው ሐዋላ ሆኖ ተመዝግቦ አገኘሁት። እንዲታረም ስጠይቅ መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት በትሕትና «ጋሼ፣ ገንዘቡ እኮ ገብቶልዎታል፤ ኮዱ ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ኮዱ ለምን እንደሚያገለግል ያስረዳት ሰው አልነበረም፣ ከኋላዬም ረጅም ሰልፍ ነበር። ይህ ስሕተት ግን ክፉ ጠባይ አለው። ሐዋላም የአገልግሎት ገቢም የወቅታዊ ሒሳብ በሚባለው በአንድ የክፍያ ሚዛኑ ክፍል ውስጥ ስለሚደመሩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ቢጻፍ የታችኛው ድምር ፈጽሞ አይለወጥም። ማንም ኦዲተር ጉድለት አያይም። የሚጠፋው የገቢው መነሻ ነው፤ አገሪቱ ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ ዘመድ እንደላከላት ስጦታ ሆኖ ይቀመጣል።

ይኸው ዕጣ አሁን ወጣቶቻችንን እያገኛቸው ነው። በከተማችን ለውጭ ደንበኞች ድረ ገጽ የሚሠሩ፣ የሚተረጉሙና የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጡ ልጆች አውቃለሁ። ሥራቸው በኢንተርኔት ድንበር የሚሻገር የኮምፒውተርና የሌላ ንግድ ነክ አገልግሎት ሽያጭ ነው፤ ክፍያቸው ግን ብዙውን ጊዜ ውጭ ባለ ወንድም ወይም አክስት ሒሳብ ዞሮ በሐዋላ ይመጣል። ልጆቹ በሠንጠረዡ ውስጥ የሉም፤ ስለሌሉም ስለ ፈጣን ኢንተርኔትም ሆነ ስለ ክፍያ መቀበያ ዘዴ ሲጠይቁ የሚያሳዩት ቁጥር አይኖራቸውም። ከጠቅላላው ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ወደ ባንክ ጭራሽ የማይደርሰውም ገንዘብ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲመነዘር፣ በጥቁር ገበያ የነበረው ዋጋ ከዚያ እጅግ ይበልጥ ስለነበር ብዙ ጎብኚ ጥሬ ገንዘቡን የሚመነዝረው ከባንክ ውጭ ነበር። ከለውጡ በኋላ የባንኩ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ በሁለቱ መካከል የነበረው ክፍተት ጠበበ፣ እንግዶቻችንም ወደ ባንክ መሄድ ጀመሩ። ይህ ለአገር መልካም ነው፤ ሠንጠረዡን ለሚያነብ ሰው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድም ተጨማሪ ጎብኚ ሳይመጣ፣ ድሮ በጓሮ ይመነዘር የነበረው ዶላር በመስኮት በመግባቱ ብቻ የተመዘገበው ገቢ ሊያድግ ይችላል። አኃዙን በብር ያየ ደግሞ የምንዛሪውን ለውጥ እንደ ንግድ ዕድገት ይቆጥረዋል። ስለዚህ የ2016ንና የ2017ን ዓመተ ምሕረት በጎን ለጎን ለማስተያየት የሚፈልግ ሁሉ በዶላር የተጻፈውን ዓምድ እንዲይዝ፣ በዚያም ላይ ቢሆን ፈጥኖ እንዳይፈርድ አጥብቄ እመክራለሁ።

የባንክ ኮድ የሚያመልጠውን የሚሞላው የጎብኚዎች የመውጫ ቃለ መጠይቅ ነው። እንግሊዝ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፕላን ማረፊያዎችና በወደቦች መንገደኛን እያስቆመች ስንት ቀን እንደቆየ፣ የት እንዳደረና ስንት እንዳወጣ ስትጠይቅ ኖራለች። አሜሪካ በ1976 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1984 እ.ኤ.አ. አገልግሎትን እንዲጨምር በተሻሻለው ሕግ ድርጅቶች ከውጭ ጋር ያደረጉትን የአገልግሎት ግብይት እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች። እነዚህ ሀብታሞች ናቸው የሚል ቢኖር ታንዛኒያን ይመልከት። ጎረቤት ለማለት በምትቀርበን በዚያች አገር ማዕከላዊ ባንኩ፣ የስታቲስቲክስ ቢሮው፣ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱና ኢሚግሬሽኑ ተባብረው ከ2001 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ከአገር የሚወጡ ጎብኚዎችን ሲጠይቁ ቆይተዋል፤ ውጤቱም በጥቅል የመጣና በራሱ የመጣ ጎብኚ በአዳር በአማካይ ስንት እንደሚያወጣ ለይቶ ያሳያል። እንዲህ ያለ ጥናት በየጊዜው የማይታደስበት አገር የጎብኚውን ብዛት ወስዶ በአማካይ የቆይታ ቀንና በአማካይ የቀን ወጪ ማባዛት ይገደዳል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት፤ ለሦስት ቀን ስብሰባ የመጣ ልዑክ ወጪና አሥራ ሁለት ቀን በስሜን የሚጓዝ ሰው ወጪ በአንድ አማካይ ሲጨፈለቁ የሚወጣው ቁጥር ሁለቱንም አይመስልም።

የጎንደር ሕመምም ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፣ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን የጸጥታው ችግር ጸና። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲነሣ በመተማ በኩል የሚመጡት እንግዶችም ቀሩ፤ አሁን በዚያ መንገድ የሚገባው በአብዛኛው ሸሽቶ የመጣ ነው፣ እርሱም ዓመት ሲሞላው በአኃዙ ነዋሪ ይሆናል። በእነዚህ ዓመታት የድርጅታችንን መዝገብ ከሠንጠረዡ «ጉዞ» መስመር ጋር ሳስተያይ ሁለቱ በአንድ አገር የተጻፉ አይመስሉም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መስመሩ የመላ አገሪቱ ስለሆነ የአዲስ አበባ ስብሰባ የጎንደርን ባዶ መኝታ ይሸፍነዋል። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ፣ ጥምቀትም በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ፣ ለአካባቢው የመጣው ተጨማሪ ገቢ ስንት እንደነበር ከዚህ ሠንጠረዥ ማውጣት አይቻልም። ለሆቴል ባለቤቱ፣ ለባንክ አበዳሪውና ለከተማው አስተዳደር የሚያስፈልገው ግን ይኸው ነበር።

መጠይቁን በተመለከተም አንድ ቅሬታ አለኝ። ስሙን ከማልጠራው መሥሪያ ቤት አንድ ዓመት የደረሰን ቅጽ የመጣው በጥር ወር የጥምቀት ዋዜማ ሲሆን፣ በሦስት ቀን እንድንመልስ ይጠይቅ ነበር። ያለፈውን ዓመት ገቢ በኢትዮጵያ በጀት ዓመት በብር ይጠይቃል፤ ውሎቻችን ግን በዩሮ፣ ወቅታችንም በአውሮፓውያን ዘመን የታሰሩ ናቸው። እንግዳው የየት አገር ነዋሪ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አልነበረውም፤ ዜግነትን ብቻ ነበር የሚጠይቀው፣ ከላይ እንዳልሁት ደግሞ ዋናው ነዋሪነት ነው። ሦስት ሌሊት አምሽቼ ሞላሁት። ውጤቱ ተመልሶ አልደረሰኝም። ቅጽ የሚሞላ ሰው ድካሙ የት እንደደረሰ አንዲት ገጽ ቢላክለት በሚቀጥለው ጊዜ በግምት እንደማይሞላ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ።

ጥሩውንም መናገር ተገቢ ነው። የ«ትራንስፖርት» መስመር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ የማምነው ነው። አብዛኛው ገቢ የሚመጣው በ1945 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው አየር መንገዳችን ነው፤ የአንድ ትልቅ ድርጅት የተደራጀ መዝገብ ደግሞ ከሺህ ትናንሽ ቅጾች ይሻላል። ከናይሮቢ ተነሥቶ በቦሌ አልፎ ሌጎስ የሚሄድ መንገደኛ፣ እግሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣም፣ ቲኬቱ የኢትዮጵያ የአገልግሎት ሽያጭ ሆኖ በዚህ መስመር ይቆጠራል። በወጪው በኩልም ጉምሩክ የሚመዘግበው የገቢ ዕቃ ዋጋ የመርከብ ጭነትና የመድን ዋጋን የሚጨምር ስለሆነ፣ ያ ክፍል ተለይቶ ወጥቶ ለውጭ አጓጓዥ የተከፈለው ብቻ በአገልግሎት ግዢ ይገባል። ወደብ ለሌላት፣ ዕቃዋም በአብዛኛው በጅቡቲ ለሚያልፍ አገር ይህ ልየታ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሠንጠረዡም ወደ ኋላ ለብዙ ዓመታት በተመሳሳይ መልክ መገኘቱ አዝማሚያን ለመከታተል ይጠቅማል።

ዝርዝሩ ግን ይቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዓለም ገንዘብ ድርጅት ስድስተኛው የክፍያ ሚዛን መመሪያ አገልግሎትን በአሥራ ሁለት ዋና ክፍሎች ይከፍላል፤ ከእነዚህም አንዱ የሆነውን ጉዞን ለንግድና ለግል፣ የግሉንም ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለሌላ ዓላማ ይለያል። ልጁን ባንጋሎር የሚያስተምርና ኩላሊቱን ሕንድ የሚያሳክም የጎንደር ሰው የሚያወጣው ገንዘብ የአገር የአገልግሎት ግዢ ነው። ይህ ተለይቶ ቢታተም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የትኛውን ሕክምና ቢያስፋፋ የትኛው ወጪ እዚሁ እንደሚቀር መነጋገር ይቻል ነበር።

አኃዙ ለአገር የሚውልበት ትልቁ ጉዳይ ድርድር ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም ቱሪዝምና ትራንስፖርት ቅድሚያ ከተሰጣቸው አምስት የአገልግሎት ዘርፎች መካከል ናቸው። ተደራዳሪው የትኛውን ዘርፍ እንደሚከፍትና በምላሹ ምን እንደሚጠይቅ ሲወስን የሚይዘው ወረቀት ይህ ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ይታከል፦ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለእኔ የሚሸጠው የስልክ አገልግሎት በሠንጠረዡ ውስጥ የለም፤ ድርጅቱ እዚህ ተቋቁሞ የሚሠራ ነዋሪ ስለሆነ ግብይታችን የአገር ውስጥ ነው። የውጭ ባንኮችም እንዲገቡ ሕጉ ስለፈቀደ፣ በኢትዮጵያ የተቋቋሙ የውጭ ድርጅቶችን ሽያጭ የሚይዝ የተለየ አኃዝ ካልተዘጋጀ የአገልግሎት ንግዱ ትልቅ ክፍል ከዓይን ውጭ ይቀራል።

በመጽሔቱ መጠቀም ለሚፈልጉ የሙያ ባልደረቦቼ ከልምዴ የማካፍለው ይህን ነው። መጽሔቱ በእንግሊዝኛ የሚዘጋጅ ስለሆነ አንድ ቀን ወስዳችሁ የመስመሮቹን ስም ከአማርኛ ትርጉማቸው ጋር በወረቀት ጻፉ። አንዱን ሩብ ዓመት ከቀደመው ሩብ ዓመት ጋር አታስተያዩ፤ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ጋር አስተያዩት። በበጀት ዓመታችን አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 የሚውለው ገና በሁለተኛው ሩብ፣ ጥር 11 የሚውለው ጥምቀት ደግሞ በሦስተኛው ሩብ ስለሚወድቁ፣ ለሁለቱም በዓላት የመጣ አንድ እንግዳ ወጪው በሁለት ሩቦች ይከፈላልና ሁለቱን ሩቦች ደምሮ ማየት ይሻላል። ለጎንደር ብቻ የሚሆን ግምት ስትፈልጉም በፋሲል ግቢና በፓርኩ የሚሸጠውን የውጭ ጎብኚ ቲኬት ብዛት ከራሳችሁ መዝገብ ጋር አጣምሩት፤ እኔ ባለፉት ዓመታት ከብሔራዊው መስመር ይልቅ በዚህ ነው የተማመንሁት።

ከዚያ ከሐዋላው ስሕተት ወዲህ በእያንዳንዱ ደረሰኛችን ላይ «ለውጭ ጎብኚዎች የተሰጠ የጉዞ አገልግሎት ክፍያ» የሚል መስመር በእንግሊዝኛ እንጨምራለን፤ ወኪሎቻችንም ይህንኑ በባንክ መላኪያው ላይ እንዲጽፉ በውላችን አስገብተናል። ገንዘቡ በገባ ቁጥር ወደ ቅርንጫፉ ሄጄ የተመዘገበበትን ኮድ አያለሁ። ባለፈው ጊዜ የመጣው ክፍያ በትክክለኛው መስመር ተጽፎ አገኘሁት፤ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣትም ኮዱን ራሱ አንብቦ «ይህ ጉዞ ነው አይደል ጋሼ?» ብሎ ጠየቀኝ።